ደሞዜ ጨመረ፣ ሥራዬ ግን ቀነሰ፤ ጥፋቱ የሥራው ነው የሰዎቹ?

ባለ ሪፖርቱ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እስከ አምና ድረስ አንድ አነስተኛ ማተሚያ ቤት ውስጥ ነበርኩ። የሠርግ ጥሪ ካርድ፣ ደረሰኝ፣ የትምህርት ቤት ሰርተፊኬት፣ የመጣውን ሁሉ እናትማለን። ደሞዙ ለወሬ አይበቃም። ግን ድካም የሚሰማኝ ቤት ከገባሁ በኋላ ነበር። ጥር ላይ የሠርግ ሰሞን ሲሆን፣ ነገ ጠዋት የሚረከብ ሥራ ካለ ማሽኑ ላይ ያለው ልጅም፣ ቆራጩም፣ እኔም፣ ባለቤቱም ጭምር ቁጭ ብለን ካርድ እያጠፍን እናመሻለን፤ ማንም «የእኔ ሥራ አይደለም» አይልም። ሙሽሮቹ መጥተው ካርዱን ከፈት አድርገው ሲያዩት ፊታቸውን ታያለህ። በቃ፣ ሥራው ማማሩን አለማማሩን እዚያው ታውቃለህ።

አሁን አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የዕቅድና ሪፖርት ክፍል ውስጥ ነኝ። ደሞዜ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ወንበሩም ይሽከረከራል። ሥራዬ ከቅርንጫፎች የሚመጣውን ቁጥር ማጠናቀር ነው፤ ያንኑ ቁጥር በሦስት ዓይነት ቅጽ እሞላና ለሦስት ክፍል እልካለሁ። ባለፈው የላክሁት ፋይል ተበላሽቶ አልከፈትም ይል እንደነበር የሰማሁት በአጋጣሚ ነው፣ ያውም ከሰነበተ በኋላ። ማንም «አልተከፈተልኝም» አላለም። ማንም አልሞከረውማ!

ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። ግን ሁሉም ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ የየራሱን ስክሪን ያያል። ምሳ ለየብቻ ነው። ገና የገባሁ ሰሞን ቶሎ ቶሎ ስሠራ አጠገቤ የሚቀመጠው ሰውዬ ዝቅ ባለ ድምፅ «ምን ያስቸኩልሃል፣ ብትጨርስ ሌላ ነው የሚጭኑብህ» አለኝ። እውነቱን ነበር፣ ጫኑብኝ።

አሁን ግማሽ ቀን የሚፈጀውን ሥራ ሳምንት አስቀምጠዋለሁ። ሰነፍ ሰው አልነበርኩም። ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ሰውን የሚያሠራው የሥራው ትርጉም ነው ወይስ አብረውት ያሉት ሰዎች? እዚሁ ሆኖ ማስተካከል ይቻላል ወይስ መልቀቅ ነው መፍትሔው? «ጸልይ» የሚል መልስ አክብሬ እቀበላለሁ፣ ግን ሌላም ጨምሩበት።


ፐርሶኔል

ወንድሜ፣ ብዙ ዓመት የሰው ኃይል ክፍል ስለሠራሁ ስንቱን አይቻለሁ። ያንተ ጉዳይ በጥናት ጭምር የታየ ነው፣ ለብቻህ የመጣ በሽታ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የእነ ዳን አሪየሊ ሙከራ አለ። ሰዎች የሌጎ መጫወቻ ሮቦት እየገጣጠሙ ይከፈላቸዋል፤ ለመጀመሪያው 2 ዶላር፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ 11 ሳንቲም እየቀነሰ ይሄዳል፣ ሲበቃህ ታቆማለህ። ለአንደኛው ቡድን የሠራው ሮቦት ፊቱ ጠረጴዛ ላይ ይደረደርለታል። ለሌላኛው ደግሞ ቀጣዩን ሲገጣጥም የቀደመውን እዚያው ዓይኑ እያየ ይፈታቱትና መልሰው ይሰጡታል። ክፍያው አንድ ነው። ሥራው አንድ ነው። የመጀመሪያው ቡድን በአማካይ ወደ 11 ገደማ ሲሠራ ሁለተኛው 7 ላይ ሰለቸው። ያንተ ፋይል ሳይከፈት መክረሙ ከዚህ በምን ይለያል? ሮቦትህን እያፈረሱብህ ነው፣ ያውም በአክብሮት።

ሌላው ደግሞ የበለጠ ይጠቅምሃል። አዳም ግራንት የሚባል ተመራማሪ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎች ነፃ የትምህርት ዕድል የሚሆን ገንዘብ በስልክ የሚለምኑ ሠራተኞች ላይ ያደረገው ነው፤ በ2007 ነው የወጣው። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ስልክ ይዘጋባቸዋል። ጥቂቶቹን በዚያ ገንዘብ ከተማረ ልጅ ጋር ለጥቂት ደቂቃ አገናኛቸው። ስብከት የለም፣ ቲሸርት የለም፣ ልጁ ዕድሉ ሕይወቱን እንዴት እንደለወጠለት አወራቸው፣ ጠየቁት፣ ተለያዩ። ከአንድ ወር በኋላ ስልክ ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ ከእጥፍ በላይ ሆነ፣ የሚሰበስቡት ገንዘብም እንደዚያው። ከልጁ የመጣ ደብዳቤ ብቻ ያነበቡት ግን ብዙም አልተለወጡም። ሰውዬውን በአካል ማየቱ ነው ልዩነቱ።

ስለዚህ ከመልቀቅህ በፊት አንድ ነገር አድርግ። ያንን ቁጥር የሚጠቀምበት ሰው ካለ ፈልገው። የሚጠቀምበት ከሌለም ያንን ማወቁ በራሱ ትልቅ ነገር ነው።


በርበሬ ተራ

ሁላችሁም ደህና ናችሁ? በትርጉም በርበሬ አይገዛም ወዳጆቼ። ልጁ ደሞዙ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል፣ የቤት ኪራይ ኪስ በሚያራቁትበት ከተማ ተቀምጠን «ሮቦት አፈረሱብህ» እየተባባልን ነው።

የሥራ ትርጉም የሚባለውን ወሬ ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ደሞዝ መጨመር የማይፈልግ አለቃ ነው። «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ካሉህ ቦነስ የለም ማለት ነው። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2019 ስለ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያወጡትን ሪፖርት አንብቡ፤ የጀማሪ መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር፣ ሰውም እየገባ ይወጣ ነበር። እነዚያን ልጆች ትርጉም አጥታችሁ ነው የለቀቃችሁት ልትሏቸው ነው? ደሞዙ ነው፣ ኪራዩ ነው፣ ምሳው ነው።

እኔ ምክሬ አጭር ነው። ደሞዝህን ተቀበል፣ በተረፈህ ሰዓት ማዳመጫህን ሰክተህ ኮርስ ተማርበት።


ኦቨርሎክ

በርበሬ ተራ፣ ደሞዙ ላይ ያልከው ልክ ነው፣ እኔም ጋርመንት ፋብሪካ ላይን ሱፐርቫይዘር ሆኜ ስለሠራሁ አልከራከርህም። ግን በአንድ ደሞዝ፣ በአንድ ማሽን፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ላይን ለምን ሁለት ዓይነት እንደሚሠራ አንተ አትነግረኝም።

ላይን ማለት ለማታውቁት፣ አንዷ ኪስ ትሰፋለች፣ ቀጣይዋ ትከሻ ትገጥማለች፣ ሌላዋ ኮሌታ፣ እንዲህ እየተቀባበለ ሸሚዙ መጨረሻ ላይ ይወጣል። ኮሌታ ላይ ያለችው ከዘገየች ከእሷ በፊት ያሉት ሥራ ይከመርባቸዋል፣ ከእሷ በኋላ ያሉት እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ፊት ለፊት ሰሌዳ አለ፣ በየሰዓቱ ታርጌቱና የተሠራው ይጻፍበታል። እኔ ስገባ አንደኛው ላይን ኮሌታዋን ልጅ ትሰድባት ነበር። ስድቡ ሲበዛ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ስፌቱ ይጣመማል፣ ጥራት ቁጥጥር ይመልሰዋል፣ እንደገና መፍታት ነው። ሌላኛው ላይን ላይ ደግሞ ኪስ የምትሰፋው ልጅ ፈጣን ነበረች። የራሷን ስትጨርስ ሳትጠየቅ ተነሥታ ለኮሌታዋ ልጅ ጨርቁን እያስተካከለች ታቀብላታለች። ማንም አላዘዛትም። አንድ ዶርም ነው የሚያድሩት፣ ዕቁብም አብረው ይጥላሉ።

ያቺን ፈጣን ልጅ ወደ ደካማው ላይን ውሰጃት ተባልኩ። ወሰድኳት። ምን የሆነ ይመስላችኋል? የሄደችበት ላይን ትንሽ ተሻሻለ፣ የለቀቀችው ላይን ወረደ፣ እሷ ራሷ ደግሞ ፊቷ ጠቆረና ብዙም ሳትቆይ ሥራውን ለቀቀች። የማኔጅመንት ሰዎች ልጅቷን እንደ መርፌ ከአንዱ ማሽን ነቅለው ሌላው ላይ የሚሰኳት መስሏቸው ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ሰውዬው «ምን ያስቸኩልሃል» ያለህን እኛ ጋም በደንብ እናውቀዋለን። ልጆቹ አንድ ቀን ታርጌት ካለፉ በማግስቱ ታርጌቱ ከፍ ይላል። ስለዚህ ተነጋግረው ልክ ታርጌቱ ላይ ያቆማሉ። ስንፍና አይደለም፣ ሒሳብ ነው።


ፐርሶኔል

ኦቨርሎክ፣ አፌን ነው የነጠቅሽኝ። ይሄ ነገር ድሮም የተጻፈ ነው። ሃውቶርን የሚባለው የቺካጎ አካባቢ ፋብሪካ፣ የስልክ ዕቃ የሚሠራው፣ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ለዓመታት ጥናት ተደርጎበታል። ሰው ሁሉ የሚያወራው ሠራተኛ እንደሚታይ ሲያውቅ ይበረታል የሚለውን ነው፣ እሱም ኋላ ላይ ብዙ ተከራክረውበታል። እኔን የሚገርመኝ ግን 1931 ላይ የተጀመረው ሌላኛው ክፍል ነው። ሽቦ በሚገናኝበት ክፍል የሚሠሩ 14 ወንዶች ነበሩ። በቡድን ውጤት ይከፈላቸው ነበር፣ አብዝተው ቢሠሩ አብዝተው ያገኛሉ። ግን በመካከላቸው «የቀን በቂ ሥራ» የሚሉት ልክ ነበራቸው። ከዚያ ያለፈ ልጅ ክንዱ ላይ በቡጢ ይመታል። በጣም ያነሰም ይሰደባል። ብዙ ከሠራን ዋጋውን ይቀንሱብናል ብለው ነው የሚፈሩት። ልክ እንዳንቺ ልጆች።

ባልደረባ ያበረታል የሚለውም ቢሆን እንዲሁ በደፈናው አይደለም። ማስ እና ሞሬቲ የሚባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ባለሙያዎች አሜሪካ ውስጥ የሱፐርማርኬት ካሸሮችን ያጠኑበት አለ፣ በ2009 የታተመ። ካሸሮቹ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚቀመጡት፣ ስለዚህ ከኋላህ ያለው ያይሃል፣ ከፊትህ ያለው አያይህም። ፈጣን ካሸር ፈረቃ ስትገባ የሚፈጥኑት እሷ የምታያቸው ናቸው። እነሱ የሚያዩዋት ግን እሷ የማታያቸው አይለወጡም። ጎበዝ ሰው አይተህ አይደለም የምትበረታው፣ ጎበዝ ሰው ሲያይህ ነው። ደግሞም ሁልጊዜ አብረው በሚሠሩት ላይ ይበረታል፣ አልፎ አልፎ በሚገናኙት ላይ ይቀንሳል።

ባለ ሪፖርቱ፣ አንተን ማን ያይሃል እዚያ?


ወንፈል

እኔ የደብረ ማርቆስ አካባቢ ልጅ ነኝ። ካሸር ድረስ ባልሄዳችሁ ነበር፣ ይሄን ገበሬ ያውቀዋል።

ጤፍ አጨዳ ላይ፣ ኅዳር ላይ፣ ደቦ ሲጠራ ሰዉ ማሳው ዳር መስመር ይዞ ይቆማል። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ በዜማው ልክ ማጭዱ ይሄዳል። ወደ ኋላ የቀረውን በግጥም ይወጉታል፣ ሴቶቹ ጠላ ይዘው ሲመጡ ይሰሙታል፣ ከዚያ በላይ ቅጣት የለም። ብቻውን ሳምንት የሚፈጅበት ሰው ማሳው በአንድ ቀን ባዶ ይሆንለታል። ወንፈል ደግሞ ይለያል፣ ዛሬ ለእኔ የሠራህልኝን ነገ አንተ ጋ መጥቼ እመልሳለሁ። እዚያ ላይ የሚለግም የለም፣ የለገመ ተራው ሲደርስ የሚለግሙበት ስለሆነ።

አሁን ይሄን ነገር መሥሪያ ቤት ሲያመጡት አየነው። 1 ለ 5 ተደራጁ ተባለ፣ ተደራጀን። ምን ወጣው? ቃለ ጉባኤ! በየሳምንቱ «ጠንካራ ጎን፣ ደካማ ጎን» እየተባለ የሚጻፍ ቃለ ጉባኤ፣ ፈርመን የምንበተንበት። ደቦ ሰው የሚጠራው እህሉ ዝናብ እንዳይመታበት ነው። ማሳው ይታያል፣ ባለቤቱ ይታያል፣ የቀረው ሥራ ይታያል። 1 ለ 5 ማሳ የለውም። ሰዎቹን ብቻ ደረደሯቸው። ለዚህ ነው እኔ «ሥራው ነው ወይስ ሰዎቹ» የሚለውን ለይቼ መመለስ የሚያቅተኝ።


ሲልቨር ስፕሪንግ

ከሜሪላንድ ነኝ። እኔ ደግሞ የተገላቢጦሹን ልንገራችሁ።

አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ማታ ፈረቃ። ትርጉም ፈልጋችሁ ከሆነ ኑ፣ ሞልቷል። ሽማግሌ ታጥባለህ፣ ታበላለህ፣ ልጆቻቸው በማይመጡበት ሰዓት እጃቸውን ትይዛለህ። አንዲት እናት አሉ፣ ስሜን ሊጠሩት ስለማይችሉ «ማር» ነው የሚሉኝ፣ ሳልገባ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ታዲያ አለቆቹም ይሄን ያውቃሉ። ሰው ሲጎድል ቀድመው የሚደውሉት ለእኔ ነው፣ «አንቺ እኮ ትወጃቸዋለሽ» ብለው። ለሁለት ሰው የሚበቃ ክፍል ብቻዬን ይዤ አድራለሁ። ሥራው ትርጉም ስላለው እምቢ ማለት ይከብደኛል፣ እምቢ ስላላልኩ ደግሞ ሌላ ሰው አይቀጥሩም።

ያቆየኝ ትርጉሙ ብቻ ቢሆን ድሮ ነበር የምወድቀው። ያቆዩኝ አብረውኝ የሚያድሩት ናቸው፣ አንዷ ከጋና፣ አንዷ ከኤልሳልቫዶር። ከባድ ሰው ማገላበጥ ሲኖር ሳንጠራራ እንገናኛለን። አንዳችን ስታለቅስ ሌላዋ ደወሉን ትመልሳለች። የኤልሳልቫዶሯ አንድ ሰሞን ሌላ ፎቅ ስትመደብ እዚያው ሥራ፣ እዚያው ሰዓት፣ ሌሊቱ አልነጋ አለኝ።

በርበሬ ተራ ያለው አይጠፋኝም። የሥራውን ክብር እየጠሩ ዋጋውን ሲቀንሱብህ ዝም ማለት የለብህም። እኔ አሁን በወር ስንት ተጨማሪ ፈረቃ እንደምወስድ ወስኜ ነግሬያቸዋለሁ። አኩርፈዋል። ያኩርፉ።


በርበሬ ተራ

ሲልቨር ስፕሪንግ እህቴ፣ አንቺ ስትናገሪ ይገባኛል፣ እግዜር ያበርታሽ። እኔ የምቃወመው የመድረክ ወሬውን ነው እንጂ ሥራ መውደድን አይደለም። እንጂማ እኔም ሱቄ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ የቀረ ቀን ሚዛኑ ራሱ ይከብደኛል።

ግን ልጁን አታስለቅቁት። ለቀቀና ማተሚያ ቤቱ ተመለሰ እንበል። ሠርግ በሌለበት በዐቢይ ጾም ምን ሊበላ ነው?


ባለ ሪፖርቱ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ ኦቨርሎክ «ሒሳብ ነው» ያልሽው ከራሴ ጋር ትንሽ አስታርቆኛል።

ፐርሶኔል እንዳለችኝ አደረግሁ። ቁጥር ከሚልኩልኝ ቅርንጫፎች ወደ አንዱ ደወልኩ። የምታነሣው ልጅ መጀመሪያ ሪፖርት የጎደለ መስሏት ደነገጠች። «አይ፣ ይሄን ቁጥር ማን ይጠቀምበታል?» ስላት ረጅም ዝምታ ሆነ። በኋላ የነገረችኝ ይሄ ነው፦ ከሦስቱ ቅጽ አንዱን እነሱ ራሳቸው ይፈልጉታል። የዕቃ ጥያቄያቸው የሚፈቀደው በእሱ ስለሆነ፣ እኔ ሳዘገየው እነሱ ጋ ወረቀትና ቀለም ያልቃል፣ ባለ ጉዳይ «ነገ ተመለሱ» ይባላል። እኔ ሳምንት የማስቀምጠው እሱን ጭምር ነበር እኮ! ሁለቱ ቅጽ ግን ለምን እንደሚሞላ እሷም አለቃዋም አያውቁም። «ድሮም ነበር» ነው ያለችኝ።

ያንን አንዱን ቅጽ አሁን በደረሰኝ ዕለት ነው የምጨርሰው፣ ስጨርስ ለልጅቷ እደውልላታለሁ። አጠገቤ ያለውን ሰውዬም ጠየቅኩት። እሱም እንደ እኔው የማይታወቅ ቅጽ ይሞላል፤ የእሱ ግማሹ ከእኔ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሳንነጋገር ሁለታችንም አንድ ሥራ እንሠራ ነበር። ማዳመጫውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወለቀው ያን ዕለት ነው።

የቀሩት ሁለቱ ግን አንጀቴን እየበሉት ነው። ቡድን መሪዬን ስጠይቀው «ቅጹ ከላይ የመጣ ነው» አለኝ። ምን ይሻለኛል?


ፐርሶኔል

ጎሽ። «ከላይ የመጣ ነው» የሚለው መልስ ብዙውን ጊዜ የመጣበት ሰው ተዛውሯል ማለት ነው።

በቃል አትጨቃጨቅ፣ ጻፍ። አንድ ገጽ አትለፍ። ሦስቱን ቅጽ ጎን ለጎን አድርገህ የሚደጋገሙትን ቁጥሮች አስምርባቸው፣ ለስንት ክፍል እንደሚላክና ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አስቀምጥ። «ይቅርልኝ» አትበል፣ «የሚጠቀምበት ክፍል ካለ ይገለጽልን፣ ከሌለ ወደ አንድ ቅጽ ይጠቃለል» በል። ከተቻለ አጠገብህ ያለው ሰውዬም አብሮህ ይፈርም፣ ብቻህን ስትሆን ሰነፍ ትባላለህ፣ ሁለት ስትሆኑ የአሠራር ጥያቄ ይሆናል። ለቡድን መሪው አድርሰህ ለዳይሬክተሩ ግልባጭ አድርግ፣ መዝገብ ቤት ቁጥር ይሰጥህ።

ጊዜውን ተጠንቀቅ። የአዲሱ በጀት ዓመት ቅጾች የሚባዙት ሰኔ ላይ ነው። ግንቦት ላይ ካላስገባኸው ሐምሌ 1 ላይ ሦስቱም ተመልሰው ጠረጴዛህ ላይ ታገኛቸዋለህ።


ኦቨርሎክ

ደብዳቤው ላይ የቅርንጫፏን ልጅ ቃልም ጨምርበት። «ወረቀትና ቀለም ያልቃል» የሚለው ከሁሉም ቁጥር በላይ ዳይሬክተሩን ያስደነግጠዋል። ስሟን ግን አትጻፍ፣ በኋላ እሷ ላይ እንዳይዞር።